የካንጋል በግ ጠባቂ ውሻ፤ ጠባዩና አያያዙ

መግቢያ

በግና ፍየል የሚያረባ ገበሬ ከሚደርሱበት ጉዳቶች አንዱ በአራዊት የሚመጣው ነው። ጅብ፣ ቀበሮ ወይም ነብር ሌሊት ጉረኖ ሰብሮ ከገባ የብዙ ወራት ድካም እስኪነጋ ድረስ ሊጠፋ ይችላል። ይህን ጉዳት ለመከላከል ሰው በልዩ ልዩ አገሮች ከጥንት ጀምሮ ሲገለገልበት የኖረው ውሻ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የሚገለጸው ካንጋል የሚባለው የቱርክ አገር በግ ጠባቂ ውሻ ነው። ይህ ውሻ ከትልቅነቱና ከጉልበቱ የተነሣ በብዙ ሰው ዘንድ በትክክል አይታወቅም። አንዳንዱ ሰው እንደ አውሬ ይፈራዋል፤ ሌላው ደግሞ ሰው የሚያስፈራራ ተናካሽ እንዲሆንለት ብሎ ይፈልገዋል። ሁለቱም አስተሳሰቦች መጨረሻቸው አንድ ነው፤ ሰው ይነከሳል፣ በግ ይጠፋል፣ ውሻውም በጥይት ወይም በመርዝ ይሞታል።

የጽሑፉ ዓላማ አርቢዎች ካንጋልን ገዝተው እንዲያመጡ ለመምከር አይደለም። የዚህ ውሻ ጠባይና አስተዳደግ በሚገባ የተጠና ስለሆነ፣ ከእርሱ የሚገኘው ትምህርት መንጋ ለሚጠብቅ ማንኛውም ውሻ፣ ለአገራችን ውሻም ጭምር፣ የሚያገለግል ሆኖ በመገኘቱ ነው። የትምህርቱም ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው፤ ጉልበትና ንቃት ከዘር ይገኛሉ፤ ይህ ጉልበት ለጥበቃ ወይም ለጥፋት መዋሉን የሚወስነው ግን በአብዛኛው ቡችላው በመጀመሪያዎቹ 4 ወራት የተያዘበት አያያዝ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው እንዲገነዘብ ያስፈልጋል።

1. የዘሩ ምንጭና መልክ

ካንጋል ስሙን ያገኘው በመካከለኛው አናቶሊያ፣ በሲቫስ ክፍለ ሀገር ከሚገኘው የካንጋል ወረዳ ነው። አካባቢው ከፍተኛ ደጋ ሲሆን ክረምቱ በበረዶ የተሸፈነ፣ በጋው ደግሞ ሞቃትና ደረቅ ነው። በዚያ የሚረቡት በጎች አካራማን የሚባሉ ላታቸው ትልቅ የሆነ ነጫጭ በጎች ናቸው። ዋናው ጠላታቸው ተኩላ ነው። ውሻው በዚህ አየር፣ በዚህ መሬትና በዚህ ሥራ ላይ ለብዙ ትውልድ ተመርጦ የቆየ ነው።

ሙሉ ዕድሜ የደረሰ ወንድ ካንጋል ከመሬት እስከ ትከሻው ከ72 እስከ 78 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ከ48 እስከ 60 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ሴቷ ከ65 እስከ 73 ሳንቲ ሜትር ቁመትና ከ40 እስከ 50 ኪሎ ግራም ክብደት ይኖራታል። የሰውነቱ ቀለም ከዳማ እስከ ግራጫ የሚደርስ ሆኖ አፉና ጆሮዎቹ ጥቁር ናቸው። በአገሩ ቋንቋ «ካራባሽ» ወይም «ጥቁር ራስ» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ሲነቃ ጅራቱን በጀርባው ላይ ያጠቀልላል። ጠጉሩ ሁለት ድርብ ነው፤ የውስጡ ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለ፣ የውጪው ሻካራ ነው። ይህ ድርብ ጠጉር ከብርድም ከፀሐይም ስለሚከላከልለት መላጨት አይገባም።

የአናቶሊያ እረኞች ውሻቸው ከተኩላ ጋር ሲታገል ጉሮሮው እንዳይያዝ እሾህ ያለው የብረት ማሰሪያ በአንገቱ ላይ ያደርጉለታል። ይህን ማሰሪያ ያየ እንግዳ ውሻው ለክፋት የተዘጋጀ ይመስለዋል፤ ነገር ግን እሾሁ የሚያገለግለው የውሻውን ሕይወት ለማዳን ብቻ ነው።

2. የመንጋ ጠባቂ ውሻ ጠባይ

ከከብት ጋር የሚሠሩ ውሾች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ በእረኛው ትእዛዝ በጎችን የሚነዱና የሚሰበስቡ ናቸው፤ የስኮትላንድና የእንግሊዝ ድንበር ኮሊ ለእነዚህ ምሳሌ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ውሾች በጉን አተኩረው እያዩና እያሳደዱ ይሠራሉ፤ በጉም ስለሚፈራቸው ይነዳል። ሁለተኛዎቹ እንደ ካንጋል ያሉት ጠባቂዎች ናቸው። እነርሱ መንጋውን አይነዱም፣ አያሳድዱም፤ በመካከሉ እንደ አንዱ አባል ሆነው ይኖራሉ። ነጂ ውሻ ያለው ባሕርይ በጠባቂ ውሻ ላይ ከታየ ጉድለት ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ሬይሞንድና ሎርና ኮፒንገር የተባሉ ተመራማሪዎች ከአውሮፓና ከቱርክ የመጡ ጠባቂ ውሾችን ለገበሬዎች እየሰጡ ጠባያቸውን ለብዙ ዓመታት ተከታትለዋል። ከሥራቸውም አንድ ጥሩ ጠባቂ ውሻ ሦስት ባሕርያት ሊኖሩት እንደሚገባ ገልጸዋል።

ሀ) ከመንጋው አለመለየት፤ መንጋው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፣ ሲተኛ አብሮ ይተኛል። ይህ ከሌለ ሌሎቹ ሁለቱ ጥቅም የላቸውም፤ በስፍራው ያልተገኘ ዘበኛ አይጠብቅምና።

ለ) ታማኝነት፤ በጉን አያሳድድም፣ አይነክስም፣ ግልገል አያስደነግጥም፣ ከምትወልድ እናት በግ ላይ አይደርስም።

ሐ) ተከላካይነት፤ ከመንጋው ልማድ ውጪ የሆነ ነገር ሲመጣ ተነሥቶ ይቋቋማል።

ካንጋል መንጋውን የሚከላከለው ደረጃ በደረጃ ነው። በመጀመሪያ ወደ ከፍተኛ ቦታ ወጥቶ በዓይኑና በአፍንጫው አካባቢውን ይመረምራል። እንግዳ ነገር ሲሰማ በወፍራም ድምፅ ይጮኻል። የመጣው ነገር ካልተመለሰ በእርሱና በመንጋው መካከል ገብቶ ይቆማል። ከዚህ አልፎ ከቀረበ ጅራቱን አንሥቶ በፍጥነት ይንደረደራል፤ ብዙውን ጊዜም ሳይደርስበት ይቆማል። መንከስ የመጨረሻው እርምጃ ነው። አብዛኛው አውሬ ለምግቡ ሲል መቁሰል ስለማይፈልግ በጩኸቱና በንድርድሪያው ብቻ ይመለሳል። ስለዚህ የጥሩ ጠባቂ ውሻ ሥራ የሚለካው በገደለው አውሬ ቁጥር አይደለም፤ ማታ ተቆጥረው የገቡት በጎች ጧት ተቆጥረው መውጣታቸው ነው።

3. ካንጋል በተሳሳተ መንገድ የሚታይባቸው ምክንያቶች

ሀ) «ትልቅ ስለሆነ ክፉ ነው» ይባላል። በአግባቡ ያደገ ካንጋል ከባለቤቱ ልጆችና ከግልገሎች ጋር እጅግ ታጋሽ ነው። ትልቅነቱ የሚያስከትለው እውነተኛ ነገር ቢኖር በአስተዳደጉ የተፈጸመ ስሕተት የሚያመጣው ጉዳት ከትንሽ ውሻ ይልቅ የከበደ መሆኑ ነው።

ለ) «እንዲከፋ መታሰር አለበት» የሚሉ አሉ። ቀን በጨለማ ክፍል የተዘጋ ወይም በአጭር ሰንሰለት ታስሮ የሚውል ውሻ ማንን መጠበቅ እንዳለበት ሊማር አይችልም። የሚያየው ሁሉ ሊደርስበት የማይችለው፣ ሊሸሸውም የማይችለው ነገር ስለሚሆን በፍርሃትና በንዴት ይሞላል። ሰንሰለቱ በተበጠሰ ቀን የሚነክሰው ሌባውን ሳይሆን መጀመሪያ ያገኘውን ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም ይህ ሰው ሕፃን ነው።

ሐ) «ትእዛዝ አይሰማም፣ ደንቆሮ ነው» ይባላል። ጠባቂ ውሻ እረኛው በተኛበት ሌሊት ብቻውን እንዲወስን የተመረጠ ነው። ሲጠሩት ቀና ብሎ አይቶ፣ አካባቢውን ተመልክቶ፣ ከዚያ በኋላ ቢመጣ ባሕርዩ ነው። በዚህ የተናደደ ባለቤት ዱላ ቢያነሣ የሚያተርፈው ባለቤቱን የሚፈራና ከመንጋው የሚሸሽ ውሻ ብቻ ነው።

መ) «ቀኑን ሙሉ ስለሚተኛ ሰነፍ ነው» ይባላል። አራዊት በብዛት የሚንቀሳቀሱት ከመሸ በኋላና ጎሕ ሲቀድ ስለሆነ ውሻውም ጉልበቱን ለዚያ ጊዜ ያቆያል።

ሠ) «እርሱ ካለ እረኛ አያስፈልግም» ይባላል። ውሻው የእረኛ ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም። የታመመን በግ አይለይም፣ በሰብል ውስጥ የገባን መንጋ አያወጣም፣ የተሰበረ አጥር አይጠግንም።

4. በሌሎች አገሮች የተገኘ ውጤት

በአሜሪካ በ1972 ፕሬዚዳንት ኒክሰን በመንግሥት መሬት ላይ አራዊትን በመርዝ መግደልን ከልክለው ነበር። ከዚያ በኋላ በግ አርቢዎች ሌላ መከላከያ መፈለግ ግድ ስለሆነባቸው በአውሮፓና በእስያ እረኞች ዘንድ የቆየው የጠባቂ ውሻ ልማድ በአዲስ መልክ ተፈልጎ ተጠና።

ለአፍሪካ አርቢ የበለጠ ትምህርት የሚሰጠው የናሚቢያ ምሳሌ ነው። በዚያ አገር በ1980ዎቹ በሺህ የሚቆጠሩ አቦ ሸማኔዎች በገበሬዎች እየተያዙና እየተገደሉ አልቀዋል። በ1990 በላውሪ ማርከር የተቋቋመው የአቦ ሸማኔ ጥበቃ ድርጅት ከ1994 ጀምሮ የአናቶሊያ ጠባቂ ውሾችን እያራባ ቡችሎችን ለበግና ለፍየል አርቢዎች መስጠት ጀመረ። ቡችሎቹ የሚሰጡት ገና ሕፃን ሳሉ ሲሆን ወዲያውኑ ከፍየሎችና ከበጎች ጋር እንዲኖሩ ይደረጋል። በ2005 በታተመው ጥናት፣ ከተጠየቁት ገበሬዎች 73 ከመቶ የሚሆኑት ውሻውን ካገኙ ወዲህ የከብት ጥፋታቸው በብዙ መቀነሱን ተናግረዋል። አቦ ሸማኔ ሩጫ እንጂ ውጊያ ስለማይሆንለት የሚጮኽና የሚቋቋመው ትልቅ ውሻ ሲያይ ትቶ ይሄዳል። በዚህም በጉም ተረፈ፣ አውሬውም በጥይት ከመሞት ዳነ።

ከዚሁ ሥራ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላም ነገር ተገኝቷል። ብዙዎቹ የሥራ ውሾች የሞቱት በአውሬ አልነበረም፤ በእርሻው ላይ በደረሱ አደጋዎችና፣ በጎችን በማሳደዳቸው ወይም በሌላ የጠባይ ጉድለት ምክንያት በባለቤቶቻቸው በመገደላቸው ጭምር ነበር። ይህ የጠባይ ጉድለት አብዛኛውን ጊዜ በመልካም አስተዳደግ ሊወገድ የሚችል ስለሆነ ቀጥሎ ያለውን ክፍል በጥንቃቄ መከታተል ያስፈልጋል።

5. ቡችላውን ማሳደግ

ስኮትና ፉለር የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች በ1965 ባሳተሙት የብዙ ዓመት ጥናት፣ ቡችላ ወዳጁን የሚለይበት ልዩ ጊዜ ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ 12ኛው ሳምንት አካባቢ መሆኑን አሳይተዋል። በዚህ ጊዜ አብሮት የኖረውን ፍጥረት፣ ሰውም ይሁን በግ፣ እንደ ወገኑ ይቆጥረዋል። ጊዜው ካለፈ በኋላ ይህን ዝምድና መፍጠር እጅግ አስቸጋሪ ነው። በግ ጠባቂ ውሻ ማሳደግ ማለት ይህን አጭር ጊዜ በአግባቡ መጠቀም ማለት ነው።

ሀ) ከልደት እስከ 3 ሳምንት፤ ሴት ውሻ በአማካይ 63 ቀን አርግዛ ትወልዳለች። ቡችሎች ዓይናቸውን የሚገልጡት ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። መኝታቸው ደረቅና ከነፋስ የተጠበቀ መሆን አለበት። እናቲቱ በጉረኖው አጠገብ ብትወልድ ይመረጣል።

ለ) ከ3 እስከ 8 ሳምንት፤ ቡችሎቹ ከእናታቸው ጋር ሆነው በጎችን እንዲያዩ፣ ድምፃቸውን እንዲሰሙና እንዲያሸቱ ይደረጋል። የቤተ ሰቡ አባላት በየቀኑ በእጃቸው ይያዙአቸው። ሰውን ጨርሶ ሳያውቅ ያደገ ውሻ ሲታመም ለማከም፣ ሲጠፋም ለመያዝ አይቻልም። እናቲቱንና ወንድሞቹን ቀድሞ የተለየ ቡችላ የንክሻውን ልክ ስለማይማር ከ8 ሳምንት በፊት አይወሰድም።

ሐ) ከ8 እስከ 16 ሳምንት፤ ቡችላው በጉረኖው ውስጥ ወይም በጎን በታጠረ ክፍል ሌትና ቀን ከበጎች ጋር ይኖራል። መጀመሪያ አብረውት የሚቀመጡት ጨዋ የሆኑ ትልልቅ እናት በጎች ወይም ጠቦቶች ቢሆኑ ጥሩ ነው። የሚዋጋ አውራ በግ ቡችላውን ሊገድለው ወይም በጎችን እንዲጠላ ሊያደርገው ይችላል። በጎቹ የማይደርሱበት ትንሽ መሸሸጊያና የመመገቢያ ስፍራ ይዘጋጅለታል። ምግቡን የሚሰጠው ሰው በዚያው በጉረኖው ይስጠው፤ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንደሚባለው፣ በማድ ቤት በር የሚበላ ውሻ ማድ ቤቱን ይጠብቃል። ከልጆች ጋር በግቢ እንዲጫወትና በቤት እንዲያድር መፍቀድ በዚህ ጊዜ የሚፈጸም ትልቁ ስሕተት ነው።

መ) ከ4 እስከ 12 ወር፤ ውሻው በሰውነት ትልቅ፣ በአእምሮ ግን ልጅ ነው። በጎችን ለጨዋታ ማሳደድ፣ ጆሮና ጸጉር መጎተት ይጀምራል። ይህ ሲታይ ብዙ ባለቤቶች «በግ በላ» ብለው ይገድሉታል። ጨዋታው በተጀመረበት ቅጽበት በቁጣ ድምፅ ማስቆምና ከግልገሎቹ መለየት ይበቃል። ካላቆመ ከአንገቱ ማሰሪያ ላይ አጭር እንጨት በጉልበቱ ትክክል አንጠልጥሎ ለጥቂት ሳምንታት ማቆየት ይጠቅማል፤ ሲራመድ አይከለክለውም፣ ሲሮጥ ግን እግሩን ስለሚመታው ማሳደዱን ይተዋል። ጥፋቱ ካለፈ በኋላ መምታት ለምን እንደተመታ ስለማያውቅ ዋጋ የለውም።

ሠ) ከ12 እስከ 24 ወር፤ ውሻው ቀስ በቀስ ሥራውን በሙሉ ይረከባል። ዓመት ከመንፈቅ እስከ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከብርቱ አውሬ ጋር ብቻውን እንዲጋጠም መተው አይገባም። ከልምድ ውሻ ጋር አብሮ ቢሰማራ ፈጥኖ ይማራል። አውሬ በሚበዛበት ስፍራ ሁለት ወይም ሦስት ውሾች ያስፈልጋሉ። ለእርቢ የማይፈለገውን ውሻ ማኮላሸት ሴት ፍለጋ ከመንጋው ርቆ እንዳይሄድ ይረዳል።

6. ምግብና መጠለያ

በትውልድ አገሩ እረኞች የገብስ ዱቄት በሙቅ ውኃ አቡክተው «ያል» የሚባል ምግብ ይሰጡታል፤ የበግ ወተት ተረፈ ምርትም ይጨምሩበታል። ይህን የመሰለ ምግብ በእኛም አገር ከገብስ ወይም ከበቆሎ ዱቄትና ከፉርሽካ ሊዘጋጅ ይችላል። ዱቄቱ በገንፎ መልክ መብሰል አለበት። ለሰውነት ግንባታ አሬራ ወይም አጓት፣ በሚገባ የተቀቀለ የባቄላ ክክ፣ እንቁላል፣ ወይም የተቀቀለ ሥጋ ይጨመርበታል።

50 ኪሎ ግራም የሚመዝንና በሥራ ላይ ያለ ውሻ በቀን 2,500 ኪሎ ካሎሪ የሚጠጋ ኃይል ያስፈልገዋል። ይህም በደረቁ ሲመዘን ከ700 እስከ 800 ግራም ከሚሆን ዱቄት ከሚገኘው ጋር ይቀራረባል። መጠኑ ለመብቃቱ ቀላል መለኪያ አለ፤ የውሻው ጎን በእጅ ሲዳሰስ የጎድን አጥንቶቹ መታወቅ አለባቸው፣ ከሩቅ ግን መቆጠር የለባቸውም። ቡችላ በቀን 3 ጊዜ፣ ሙሉ ዕድሜ የደረሰ ውሻ በቀን 1 ወይም 2 ጊዜ ይመገባል። የትላልቅ ዘር ቡችሎችን አብዝቶ ማወፈር የዳሌና የክርን መገጣጠሚያቸውን ያበላሻል።

ሽንኩርት የበዛበት የወጥ ትራፊ የውሻን ደም ስለሚጎዳ አይሰጥም። የተቀቀለ አጥንት በሚሰበርበት ጊዜ ስለሚሾል አንጀት ይበሳል። ውሻውን «ይከፋል» ብሎ ማስራብ መንጋውን ትቶ ወደ መንደር እንዲሄድ፣ ከዚያም አልፎ የሞተ ከብት እየፈለገ እንዲበላ ያደርገዋል። ንጹሕ ውኃ ሁልጊዜ ሊኖረው ይገባል። ለመጠለያው ዝናብ የማያስገባ ጣሪያና ከመሬት ከፍ ያለ ደረቅ መኝታ፣ በጉረኖው በር አጠገብ ይበቃዋል።

7. ጤና አጠባበቅ

ሀ) የእብድ ውሻ በሽታ፤ ይህ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ፈውስ የለውም ማለት ይቻላል። በሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 ከመቶ የሚሆነው በውሻ ንክሻ ይመጣል። ውሻ 3 ወር ሲሞላው መከተብ አለበት፤ ከዚያም በዓመቱ ይደገማል፣ ቀጥሎም በእንስሳት ሐኪም በተወሰነው ጊዜ ይታደሳል። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፣ ለሐጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው፣ የታች መንጋጋው የወደቀ ውሻ ሲገኝ በእጅ ሳይነካ ተለይቶ በፍጥነት ለእንስሳት ሐኪም ይነገራል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሌላ ማናቸውም ነገር ቢደረግ እንኳ ክትባቱ ፈጽሞ አይቀርም። ጤነኛ የሚመስል ነካሽ ውሻ ታስሮ ለ10 ቀን ይጠበቃል እንጂ ወዲያው አይገደልም፤ በሽታው መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው በዚህ ነውና።

ለ) አዙሪት፤ በጉ ራሱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ የሚዞርበት ይህ በሽታ የሚመጣው ከውሻ ነው። በውሻው አንጀት የሚኖረው የኮሶ ትል እንቁላል ከዐይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በግጦሽ ላይ ይበተናል። በጉ ከሣሩ ጋር ሲውጠው ትሉ ወደ አንጎሉ ሄዶ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል። በጉ ሲታረድ ወይም ሲሞት ጭንቅላቱ ጥሬውን ለውሻ ከተጣለ ዑደቱ እንደገና ይጀመራል። ስለዚህ በአዙሪት የሞተ በግ ጭንቅላት ይቃጠል ወይም በጥልቅ ይቀበር።

ሐ) የጉበትና የሳንባ ውኃ ቋጠሮ፤ ይህም ከሌላ ትንሽ የውሻ ኮሶ ትል የሚመጣ ሲሆን ሰውንም ይይዛል። በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ሳይታወቅ አድጎ ለቀዶ ሕክምና ያደርሳል። ከእርድ የወጣ ውኃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ ፈጽሞ አይሰጥ። ውሻው ፕራዚኳንቴል የሚባለውን መድኃኒት በእንስሳት ሐኪም መጠን ቢያንስ በዓመት 4 ጊዜ ይውሰድ። ውሻን ከነኩ በኋላ፣ በተለይም ከምግብ በፊት፣ እጅን በሳሙና መታጠብ ለልጆች ማስተማር ያስፈልጋል።

መ) ሌሎች በሽታዎች፤ ቡችሎች ዲስተምፐርና ፓርቮ ከሚባሉት በሽታዎች እንዲከተቡ ያስፈልጋል። ክትባቱ ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ተጀምሮ እስከ 16ኛው ሳምንት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይደገማል። መዥገርና ቁንጫ በየሳምንቱ ጆሮን፣ ብብትንና የጣት መካከልን በመመርመር ይለቀማሉ። በጎች በመድኃኒት በሚነከሩበት ቀን ውሻውም እንዴት እንደሚረጭ ባለሙያውን መጠየቅ ይገባል፤ ለበግ የሚሆን መጠን ሁሉ ለውሻ አይሆንምና።

8. ከሰው ጋር በሰላም እንዲኖር

ጠባቂ ውሻ ያለው ሰው ለጎረቤቶቹ ኃላፊነት አለበት። ውሻው መንገደኛ በሚበዛበት ስፍራ ያለ እረኛ አይለቀቅ። ልጆች ሲበላ፣ ሲተኛ ወይም ቡችሎች ሲያጠባ እንዳይነኩት ይከልከሉ። ውሻው ስሙን፣ «ተው» የሚለውን ቃልና በገመድ መሄድን ከቡችላነቱ ጀምሮ ይማር። ሐኪም በሚመጣበት ጊዜ መያዝ እንዲቻል በየጊዜው አፉንና እግሩን መንካት ማልመድ ያስፈልጋል።

መንገደኛውም ማወቅ ያለበት አለ። ውሻው እየጮኸ ሲመጣ መሮጥ፣ ዱላ መወርወር ወይም ድንጋይ ለማንሣት ጎንበስ ማለት ውሻውን ያበረታዋል። በዚህ ፈንታ ባሉበት ቆሞ፣ እጅን ዝቅ አድርጎ፣ በተረጋጋ ድምፅ እረኛውን መጣራት፣ ዓይን ዓይኑን ሳያዩም ቀስ ብሎ ከመንጋው በስተውጪ ዞሮ ማለፍ ይሻላል። በመንጋው መካከል አቋርጦ መሄድ አይገባም። ውሻው የሚጠብቀው መንጋውን ስለሆነ ከመንጋው የራቀውን ሰው በአብዛኛው ይተወዋል።

9. ይህ ትምህርት ለአገራችን አርቢ ያለው ጥቅም

የአገራችን ውሻ እንደ ካንጋል ትልቅ አይደለም። ነገር ግን በጥቂት ምግብ የሚኖር፣ አየሩን የለመደና ንቁ ነው። ጅብን በጩኸቱ አስታውቆ ባለቤቱን በመቀስቀስ ብዙ መንጋ ሲያተርፍ ኖሯል። ከዚህ በላይ የተገለጸው አስተዳደግ፣ በተለይም ቡችላውን ከ8 እስከ 16 ሳምንት ከበጎች ጋር ማኖርና በጉረኖው መመገብ፣ ለእርሱም ያለ ተጨማሪ ወጪ ሊሠራበት ይችላል። ካንጋልን የሚያህል ውሻ መቀለብ ግን ጥቂት በጎች ላሉት ገበሬ ከሚያድነው በግ በላይ ሊያስወጣው ስለሚችል ሒሳቡ አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

ጠባቂ ውሻ ሳይከተብና ሳይጠበቅ ሲለቀቅ የሚያመጣውን ጉዳት የባሌ ተራሮች ታሪክ በሚገባ ያሳያል። በዚያ ያሉ አርቢዎች ከጅብና ከነብር ለመከላከል ውሾች ያኖራሉ። በዚሁ ደጋ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኝ ሲሆን፣ የቀሩት ሙሉ ዕድሜ የደረሱት ከ500 ያነሱ ናቸው። በ1991ና በ1992 ከውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጀ። በ2003 እንደገና ተነሥቶ በዌብ ሸለቆ የነበሩትን አብዛኞቹን ገደለ። በ2010 ደግሞ ዲስተምፐር ገብቶ ጉዳት አደረሰ። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» እንደሚባለው፣ ያልተከተበ ውሻ በከፈተው በር የሚገባው በሽታ ከአውሬው አልፎ ከብትንና ሰውን ያጠፋል። የውሻ ክትባት ዘመቻ በቀበሌው ሲደረግ አርቢው ውሻውን አስሮ ማቅረቡ ለራሱ ቤት የሚሠራው ሥራ ነው።

ማጠቃለያ

ጠባቂ ውሻ ያለው ወይም ሊያሳድግ ያሰበ አርቢ የሚከተሉትን እንዲያስታውስ ይመከራል።

1) ቡችላው ከ8 እስከ 16 ሳምንት ከበጎች ጋር ይኑር፤ ይህ ጊዜ ካለፈ አይመለስም።

2) ምግቡን በጉረኖው ያግኝ፤ አይራብ፤ ጥሬ ጭንቅላት፣ ጉበትና ሳንባ አይጣልለት።

3) በሰንሰለት ታስሮ አይዋል፤ እንዲከፋም አይደብደብ።

4) እስከ ሁለት ዓመት በትዕግሥት ይጠበቅ፤ በጨዋታ ያሳደደ ወጣት ውሻ ይታረም እንጂ አይገደል።

5) የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትና የኮሶ ትል መድኃኒት በጊዜው ይሰጠው።

6) በተነከሰ ሰው ላይ ቁስሉ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ይደረስ።

ስለ ክትባትና ስለ መድኃኒት መጠን ተጨማሪ ማብራሪያ የሚፈልግ አርቢ በአቅራቢያው የሚገኘውን የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ወይም የግብርና ልማት ሠራተኛ ይጠይቅ።